ቆሞ ያለው ፈረስና ቁልቁል የሚወርደው ታክሲ

ምኒልክ አደባባይ ቆማችሁ ቀና ብትሉ ዐፄ ምኒልክን በፈረሳቸው ላይ ታያላችሁ። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ በኋላ እግሮቹ ቆሟል። ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። በወረራው ዘመን ፋሽስቶች ከመቆሚያው ነቅለው ቀበሩት፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ከዚያ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል ዞር ብትሉ ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶች የቸርችልን ቁልቁለት ይዘው ወደ ለገሃር ሲወርዱ ታያላችሁ።

ፊዚክስ ለሚጀምሩ ተማሪዎች ከዚህ ቦታ የተሻለ ክፍል አላውቅም። ሁለት ጥያቄ እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፦ ቆሞ ባለው ፈረስ ላይ ኃይል አለ? ሁለተኛ፦ ታክሲው ፍጥነቱን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሲወርድ፣ ወደ ፊት የሚወስደው ኃይል ወደ ኋላ ከሚይዘው ይበልጣል?

ብዙ ተማሪ እንዲህ ይመልሳል፦ «ፈረሱ ቆሟልና ኃይል የለበትም፤ ታክሲው ይሄዳልና ወደ ፊት ያለው ይበልጣል።» ሁለቱም መልሶች ስሕተት ናቸው፤ የተሳሳተ ሰው ግን ሊያፍር አይገባም። አርስቶትልም መንቀሳቀስ የሚገፋ ይፈልጋል ብሎ አስተምሮ፣ ዓለም ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ተከትሎታል። ዛሬ ይህን አሳብ አብረን እናርማለን።

ኃይል ስንቅ አይደለም

ልጆች ኳስ ሲጫወቱ የተመታችው ኳስ ተንከባልላ ስትቆም «ኃይሏ አለቀ» ይባላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ አነጋገር ነው። ኃይል በዕቃ ውስጥ ተቋጥሮ የሚጓዝ፣ በመንገድ የሚያልቅ ስንቅ አይደለም። ይልቅ ግብይትን ይመስላል። ገዢ ብቻውን ወይም ሻጭ ብቻውን ሆኖ ግብይት እንደማይኖር ሁሉ፣ ኃይልም ሁለት ነገሮች ሳይኖሩ አይኖርም።

እግር ኳሷን በነካበት ቅጽበት እግር ኳሷን ገፍቷል። እግሩ ከኳሷ ሲለይ ያ ኃይል የለም። ከዚያ በኋላ በኳሷ ላይ የሚሠሩት ወደ ታች የምትስባት መሬት፣ ከሥር የሚደግፋትና የሚሰብቃት አስፋልት፣ ፊት ለፊት የሚገፋት አየር ናቸው። ኳሷ የቆመችው አስፋልቱና አየሩ ወደ ኋላ ስለያዟት ነው። ያቆማት ኃይል ማጣቷ ሳይሆን ኃይል ነው።

ስለዚህ ስለ ኃይል በተነገራችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ማን በማን ላይ? ለዚህ መልስ ከሌለ ኃይሉ የለም።

የፈረሱ ሒሳብ

ወደ ሐውልቱ እንመለስ። መሬት ፈረሱንና ንጉሡን ወደ ታች ትስባለች፤ ይህ ክብደት ነው። መቆሚያው ድንጋይ ደግሞ ወደ ላይ ይደግፋቸዋል። ሁለቱ ኃይሎች በመጠን እኩል፣ በአቅጣጫ ተቃራኒ ናቸው።

«ድንጋይ እንዴት ይገፋል?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አለ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ስትቀመጡ ፍራሹ ይጎደጉድና የሆነ ቦታ ላይ ያቆማችኋል፤ በተጨመቀ መጠን መልሶ ስለሚገፋ ነው። ድንጋይም ይጨመቃል፤ ግን መጠኑ በዓይን የማይታይ ጥቂት ነው። የድጋፉ ኃይል የሚመጣው ከዚያች ጥቂት መጨመቅ ነው።

ነጋዴ ገቢውንና ወጪውን አቀናንሶ የተጣራ ትርፍ እንደሚያወጣ፣ እኛም ወደ ላይና ወደ ታች ያሉትን አቀናንሰን የተጣራ ኃይል እናወጣለን። በፈረሱ ላይ የተጣራው ዜሮ ነው። የነጋዴ ሒሳብ ዜሮ ሲመጣ ገበያ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ብዙ ገብቶ ብዙ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በፈረሱም ላይ እንዲሁ ትልልቅ ኃይሎች አሉ፤ ተጣፍተዋል እንጂ። ይህን ሁኔታ ሚዛን እንለዋለን።

ኪሎና ኒውተን

ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ ስትታወቅ የኖረች ሰፈር ናት፤ የወርቅ ሠሪ ባለ ሁለት ሳሕን ሚዛን ደግሞ ጥሩ አስተማሪ ነው። በአንዱ ሳሕን ወርቅ፣ በሌላው የሚዛን ድንጋይ ይደረጋል። መሬት ሁለቱንም ስለምትስብ ስበቷ ቢበዛም ቢያንስም ሳሕኖቹ እኩል ይሆናሉ። ይህ ሚዛን የሚያወዳድረው የቁስን መጠን ነው፤ መለኪያውም ግራምና ኪሎግራም ነው።

ሽቦው እየተሳበ ቁጥር የሚያሳየው ባለ መንጠቆ ሚዛን ግን የሚለካው መሬት ዕቃውን የምትስብበትን ኃይል ነው። የዚህ መለኪያ ኒውተን ይባላል። መጽሐፋችን አንድ ኪሎግራም በ9.8 ኒውተን ይሳባል ይላል፤ አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበችና ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች በ9.77 እና በ9.78 መካከል ነው። ከጅቡቲ ወደብ 100 ኪሎ ዕቃ በዚህ ዓይነት ሚዛን ተመዝኖ አዲስ አበባ እንደገና ቢመዘን ከ100 ግራም በታች ቀንሶ ይታያል። ዕቃው አልጎደለም፤ የተሳበበት ኃይል ነው ትንሽ ያነሰው። የዕቃው መጠንና ክብደቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ ያዙ።

የማይዞረውስ?

የተጣራ ኃይል ዜሮ መሆን ብቻውን አያቆምም። የመኪና መሪ በሁለት እጃችሁ ያዙ፤ አንዱን እጅ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች በእኩል ጉልበት ብታንቀሳቅሱ የኃይሎቹ ድምር ዜሮ ነው፤ መሪው ግን ይዞራል። ለመዞር ወሳኙ የኃይሉ መጠን ብቻ ሳይሆን ከመዞሪያው ያለው ርቀትም ነው። ጎሚስታ ብሎን አልፈታ ሲለው በቁልፉ እጀታ ላይ ቱቦ ይሰካል። በ30 ሳንቲ ሜትር እጀታ ላይ 300 ኒውተን ያስፈለገው ሥራ፣ በ60 ሳንቲ ሜትር 150 ይበቃዋል። ይህን የማዞር አቅም ነው በክፍል ቶርክ የምትሉት።

እንግዲህ ፈረሱ ሁለት እግሩን አንሥቶ ለምን ወደ ፊት አይዘነበልም? እያንዳንዱ አካል ክብደቱ ሁሉ በአንድ ነጥብ ላይ እንዳረፈ አድርገን የምናስብበት የክብደት ማዕከል አለው። ከዚያ ነጥብ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደው መስመር በመቆሚያው ውስጥ ካረፈ አካሉ ይቆማል፤ ከመቆሚያው ከወጣ ክብደቱ ራሱ ጠምዝዞ ይጥለዋል። ቀራፂዎች ይህን ችግር ጠንቅቀው ያውቁታል። በማድሪድ ያለው የአራተኛው ፊሊፕ የፈረስ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1640 በፒዬትሮ ታካ ሲጠናቀቅ ፈረሱ በሁለት የኋላ እግሮቹ እንዲቆም የፊቱ አካል ቀለል፣ የኋላው ከበድ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ምክሩን የሰጠው ጋሊልዮ እንደሆነ ይነገራል። ሁለት እግሩን ላነሣ ፈረስ ሁሉ ሕጉ አንድ ነው፦ መስመሩ በመቆሚያው ውስጥ ማረፍ አለበት፤ ከመቆሚያው ካመለጠ ደግሞ፣ እግሮቹ ከመቆሚያቸው ጋር በጽኑ ተያይዘው መጠምዘዙን መቋቋም አለባቸው።

ይህን በራሳችሁ አካል ታዩታላችሁ። ማዳበሪያ በጀርባው የተሸከመ ሰው ወደ ፊት ጎንበስ የሚለው ክብደቱ ስለከበደው ብቻ አይደለም፤ የእሱና የሸክሙ የጋራ ማዕከል ከእግሮቹ በላይ እንዲሆን ነው። ቤት ስትገቡ ተረከዛችሁን ከግድግዳ አስጠግታችሁ ቁሙና ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ጣታችሁን ለመንካት ሞክሩ። ወገባችሁ ወደ ኋላ መሄድ ስለማይችል ማዕከላችሁ ከእግራችሁ ፊት ይወጣና ትንገዳገዳላችሁ።

ቁልቁል የሚወርደው ታክሲ

አሁን ወደ ቸርችል ጎዳና እንሂድ። ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ 2500 ኪሎግራም ይመዝናል፣ ቁልቁለቱም በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ይወርዳል እንበል። ክብደቱ 24500 ኒውተን ነው፤ ከዚህ ውስጥ በቁልቁለቱ አቅጣጫ የሚስበው ድርሻ 5 ከመቶው፣ ማለትም 1225 ኒውተን ነው። ሾፌሩ በሞተርና በፍሬን እየያዘ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሳይለዋወጥ ከወረደ፣ ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ የጎማው ሰበቃና አየሩ ወደ ኋላ የሚይዙት በድምሩ ስንት ነው?

1225 ኒውተን ነው፤ አንድም አይበልጥ፣ አንድም አያንስ። ወደ ፊት ያለው ቢበልጥ ታክሲው እየፈጠነ ይሄድ ነበር፤ ወደ ኋላ ያለው ቢበልጥ እየቀነሰ ይመጣ ነበር። ፍጥነቱ ካልተለወጠ የተጣራው ዜሮ ነው። ቆሞ ያለው የነሐስ ፈረስና ቀጥ ባለ መንገድ በእኩል ፍጥነት የሚወርደው ታክሲ በፊዚክስ መዝገብ አንድ ገጽ ላይ ይጻፋሉ፤ ሁለቱም ሚዛን ላይ ናቸው።

ይህን በመጀመሪያ አጥርቶ ያየው ጋሊልዮ ነው። ለስላሳ ድቡልቡል ነገር ከአንድ ቁልቁለት ተለቆ በፊቱ ያለውን ዳገት ቢወጣ ወደ ተነሣበት ከፍታ ለመድረስ ይጠጋል። ዳገቱ ለዘብ እያለ ሲሄድ ያንኑ ከፍታ ፍለጋ ይበልጥ ይርቃል። ዳገቱ ጨርሶ ሜዳ ቢሆንስ? ሰበቃ ከሌለ መቆሚያ ምክንያት የለውም፤ ይሄዳል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን የመጀመሪያ ሕጉ አደረገው፦ የተጣራ ኃይል ካልነካው የቆመ እንደቆመ፣ የሚሄድም በቀጥታ መስመርና በእኩል ፍጥነት እንደሄደ ይቆያል።

«ወራጅ አለ!»

ተሳፋሪው «ወራጅ አለ!» ይላል፤ ሾፌሩ ፍሬን ይረግጣል፤ የተቀመጠው ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል። «ወደ ፊት የወረወረን ኃይል ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ብዙ ስም ይሰጠዋል። ማን በማን ላይ ብለን እንጠይቅ። ከኋላ የገፋን ሰው የለም፤ ወንበሩም ወደ ፊት አልገፋንም። እኛ በነበርንበት ፍጥነት ቀጠልን፤ ታክሲው ነው ከሥራችን የዘገየው። ይህን በያዙት ሁኔታ የመቆየት ጠባይ ኢነርሺያ እንለዋለን። ኢነርሺያ ኃይል አይደለም። ቀበቶ የሚታሰረውም ለዚህ ነው፤ ወደ ኋላ የሚይዘን ኃይል ቀበቶው ካልሰጠን መስታወቱ ይሰጠናል።

ምን ያህል ኃይል? ሁለተኛው ሕግ ይነግረናል፤ የተጣራ ኃይል ከአካሉ የቁስ መጠንና በየሰከንዱ ከሚደርሰው የፍጥነት ለውጥ ብዜት ጋር እኩል ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 10 ሜትር ነው። ያው 2500 ኪሎግራም ታክሲ በ4 ሰከንድ ቢቆም በየሰከንዱ 2.5 ሜትር ፍጥነት ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገው የተጣራ ኃይል 6250 ኒውተን ነው። ባዶ ቢሆን ያንሳል፤ ትርፍ ቢጭን ይጨምራል።

ይህ ኃይል የሚመጣው ከፍሬኑ ብቻ አይደለም። ፍሬን ጎማውን ይይዛል፤ ታክሲውን ወደ ኋላ የሚገፋው ግን አስፋልቱ በሰበቃ ነው። ክረምት ሲገባ ሰበቃው ይቀንሳል። ሜዳ ላይ በደረቅ አስፋልት የሰበቃው መጠን 0.7፣ በእርጥብ 0.4 ነው ብለን ብናሰላ፣ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ በደረቁ ከ7 ሜትር በላይ፣ በእርጥቡ ወደ 13 ሜትር ሄዶ ይቆማል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በደረቁ 29፣ በእርጥቡ 51 ሜትር። ቁልቁለት ላይ ከዚህም ይረዝማል። ሐምሌ ላይ ቸርችልን የምታቋርጡ ልጆች፣ ይህን ቁጥር ለፈተና ብቻ አትያዙት። ሾፌሩ ቢያያችሁም፣ ቢፈልግም፣ አስፋልቱ ከሚሰጠው በላይ መቆም አይችልም።

ሴባስቶፖልን የጎተቱት

ጎዳናውን ትንሽ ወርዳችሁ ቴዎድሮስ አደባባይ ስትደርሱ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሞ ታገኛላችሁ። እውነተኛው ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ቀልጦ የተሠራ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍርና በገመድ እየጎተቱት፣ መንገድ እየጠረጉ፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው በመጋቢት መቅደላ አደረሱት። መድፉ ዛሬም እዚያው መቅደላ አለ።

በአንድ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ሒሳቡን እንሥራ። ክብደቱ ወደ 70000 ኒውተን ነው። ዳገቱ 30 ዲግሪ ከሆነ ወደ ታች የሚስበው ድርሻ ግማሹ፣ 35000 ነው። የመንኮራኩሩና የሸካራው መሬት ሰበቃ 6000 ይጨምር እንበል። በጠቅላላው 41000 ኒውተን። 500 ሰው ቢካፈለው ለአንዱ 82 ኒውተን ይደርሰዋል፤ ይህ 8 ኪሎ ያህል ዕቃ አንጠልጥሎ ከመያዝ ጋር እኩል ነው።

ታዲያ ለምን ያን ያህል ወራት ፈጀ? አንዱ ምክንያት መንገዱን መጥረጉ ነው፤ ሌላው ኃይል አቅጣጫ ያለው መሆኑ ነው። ሰዎቹ በጠባብ መንገድ ሲበታተኑ የሚጎትቱት በከፊል እርስ በርስ ይጣፋል፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ካልሳበ ድምሩ 41000 አይሞላም፤ ካልሞላም መድፉ አይወጣም። ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ «ሆ!» እያለ የሚጎትትበት ምክንያት የልብ ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ነው። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሥራው ተገልብጦ ገመዱ ከኋላ ይሆናል። እዚያ መያዙ ቢጎድል መድፉ ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል፤ 7 ቶን ከፈጠነ በኋላ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል መጀመሪያ ለመያዝ ከሚበቃው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በቀስታ፣ በእኩል ፍጥነት፣ ማለትም በሚዛን መውረድ ነበረበት።

እኩል ከሆኑ ለምን ይንቀሳቀሳል?

ሦስተኛው ሕግ እንዲህ ይላል፦ አንዱ ሌላውን በገፋበት ወይም በጎተተበት መጠን ሌላውም እሱን በተቃራኒ አቅጣጫ በእኩል ይገፋዋል ወይም ይጎትተዋል። ጎታቹ መድፉን በ82 ኒውተን ከሳበ መድፉም ጎታቹን በ82 ኒውተን ወደ ኋላ ይስበዋል። እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ ይነሣና «እኩል ከሆኑ ይጣፋሉ፤ ታዲያ ማንም እንዴት ይንቀሳቀሳል?» ይላል።

አይጣፉም፤ በአንድ አካል ላይ አይደሉምና። የእኔ ወጪ ከጎረቤቴ ገቢ ጋር በአንድ ደብተር አይቀናነስም። የመድፉን ዕጣ የሚወስኑት በመድፉ ላይ ያሉት ኃይሎች ብቻ ናቸው፦ የጎታቾቹ ስበት፣ የመሬት ስበት፣ ድጋፍና ሰበቃ። የጎታቹን ዕጣ የሚወስኑት ደግሞ በጎታቹ ላይ ያሉት ናቸው፦ ወደ ኋላ የሚስበው ገመድና ወደ ፊት የሚገፋው መሬት። ጎታቹ በእግሩ መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ መሬቱ እሱን ወደ ፊት። ጭቃ ላይ እግሩ ቢያዳልጠው ክንዱ የቱንም ያህል ቢጠነክር መድፉ አይነቃነቅም፤ የሚገፋው መሬት አጥቷልና።

የኃይል ሥዕል አሣሣል

የትኛውም ጥያቄ ሲመጣባችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

አንደኛ፣ አንድ አካል ብቻ ምረጡ፤ ታክሲውን ወይም ተሳፋሪውን፣ ሁለቱን በአንድ ላይ አታምታቱ። ሁለተኛ፣ አካሉን በነጥብ ሣሉና የሚነኩትን ሁሉ ቁጠሩ፤ ሳይነካ የሚስበውን መሬት ጨምሩ። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ በአቅጣጫው ቀስት ሣሉለት፤ በጎኑ «ማን በማን ላይ» የሚለውን ጻፉ፤ ስም የሌለውን ቀስት ሰርዙ። አራተኛ፣ ቀስቶቹን አቀናንሱ። አምስተኛ፣ ዜሮ ከመጣ «የቆመ ነው» ብላችሁ አትፍረዱ፤ «ፍጥነቱ አይለወጥም» በሉ። ዜሮ ካልመጣም «ይሄዳል» ሳይሆን «ፍጥነቱ ወይም አቅጣጫው ይለወጣል» በሉ።

ከአምስቱ ትልቁ አምስተኛው ነው። በብዙ ዓመት የፈተና ወረቀት ውስጥ ያየሁት ስሕተት ከዚያ ላይ ነው የሚጀምረው፤ ቀመሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ ሳይቀር እንቅስቃሴን ከኃይል ጋር ያገናኛል። ኃይል የሚገናኘው ከእንቅስቃሴ ለውጥ ጋር ነው።

የቤት ሥራ

ቅዳሜ ወደ ምኒልክ አደባባይ ሂዱና ሦስት የኃይል ሥዕል ሥላችሁ አምጡልኝ። የመጀመሪያው የፈረሱ፣ ሁለተኛው በእኩል ፍጥነት የሚወርድ ታክሲ፣ ሦስተኛው እናንተ ራሳችሁ ከባቡር ወይም ከአውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁ፣ ተሽከርካሪው ከፌርማታ ሲነሣ።

በሦስተኛው ላይ ተጠንቀቁ። ሰውነታችሁ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ይሰማችኋል፤ እጃችሁም ወደ ኋላ የሚሄድ ቀስት ሊሥል ይቸኩላል። ከመሣላችሁ በፊት ማን በማን ላይ ብላችሁ ጠይቁ። ጫማችሁን የነካው ወለል ወደየት ይገፋዋል? ብረቱን የያዘው እጃችሁስ ወደየት ይሳባል? ሁለቱም ቀስቶች ወደ ፊት ሆነው ካገኛችኋቸው፣ ወደ ኋላ ለሚሄደው ቀስት የምትጽፉለት ስም ካጣችሁ፣ ትምህርቱ ገብቷችኋል።